ሕፃናትን ማነጋገር

ሕፃናትን ማነጋገር ማለት ወላጆችና ሌሎች አሳዳጊዎች ገና አፉን ካልፈታ ሕፃን ጋር በየዕለቱ የሚያደርጉት ጭውውት ነው። ሕፃኑ በቃል ባይመልስም በዓይኑ፣ በፈገግታው፣ በእጁና በድምፁ ይመልሳል፤ አሳዳጊውም ያንን ምላሽ እንደ ንግግር ቆጥሮ ይቀጥላል። በልጆች እድገት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ይህን የመሰለ ጭውውት በብዛት ያገኘ ልጅ ብዙ ቃላት ያውቃል፤ የሰማውንም ፈጥኖ ይረዳል። ማነጋገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ በከተማም በገጠርም፣ ፊደል በቆጠረም ባልቆጠረም ሰው ሊደረግ ይችላል።

ስያሜ

በአማርኛ ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። ሰው በሕፃንነቱ የለመደው ቋንቋም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ይባላል። አባባሉ ትኩረቱን በአፍ ላይ ያደርጋል፤ ሥራው የሚጀምረው ግን በጆሮ ነው። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል ሲሰማ፣ ሲለይና ሲያከማች ይቆያል። ስለዚህ «ገና አይሰማም፣ አያውቅም» የሚባለው ሕፃን አፉ ባይፈታም ትምህርቱን ጀምሯል።

ሕፃን ቋንቋን እንዴት ይለምዳል

ጽንስ በእናቱ ማኅፀን ሳለ፣ በእርግዝናው ስድስተኛ ወር ገደማ ድምፅ መስማት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 አንቶኒ ደካስፐርና ዊልያም ፋይፈር ያሳተሙት ጥናት አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ እንደሚመርጡ አሳይቷል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በዓለም ቋንቋዎች ያሉትን አብዛኞቹን የድምፅ ልዩነቶች መለየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ባቀረቡት ጥናት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የሚያድጉ ሕፃናት በስድስት ወራቸው የሂንዲንና በካናዳ የሚነገር አንድ የነባር ሕዝብ ቋንቋን የድምፅ ልዩነቶች ይለዩ ነበር። በዓመታቸው አካባቢ ግን ይህ ችሎታ በእጅጉ ቀነሰ። በየቀኑ የሚሰሙት ቋንቋ ጆሯቸውን ለራሱ አስተካክሎታል ማለት ነው።

ይህ ለአማርኛ ልዩ ትርጉም አለው። በአማርኛ «መታ» እና «መጣ» የሚለያዩት በ«ተ» እና በ«ጠ» ብቻ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» የሚል፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። የመጥበቅና የመላላት ልዩነት በጽሕፈት ስለማይታይ ልጅ ይህን የሚማረው በጆሮው ብቻ ነው፤ ያውም ፊደል ከመቁጠሩ ከብዙ ዓመት በፊት።

የድምፅ መኖር ብቻውን ግን አይበቃም። ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ዘጠኝ ወር የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ተናጋሪ ፊት ለፊት ሲያጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ቅጂ ብቻ የሰሙት ግን አልቻሉም። አድሪያና ዋይስሌደርና አን ፈርናልድ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳመለከቱትም በአሜሪካ በሚኖሩ ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ውስጥ የልጆቹን የቃላት እውቀት የሚወስነው በቤት ውስጥ የተነገረው ሁሉ አልነበረም፤ በቀጥታ ለልጁ የተነገረው ነው።

የእድገት ደረጃዎች

ልጆች በፍጥነት ይለያያሉ፤ የሚከተለው ቅደም ተከተል ግን በአብዛኞቹ ላይ ይታያል።

ከልደት እስከ 2 ወር፦ ሕፃኑ በለቅሶ ፍላጎቱን ይገልጻል፤ በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል፤ በሚያውቀው ድምፅ ይረጋጋል።

ከ2 እስከ 5 ወር፦ ሲያነጋግሩት ፈገግ ይላል፤ እንደ «አ» እና «ኡ» ያሉ ድምፆችን ያወጣል፤ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ፣ ሰው ዝም ሲል ድምፅ እያሰማ ተራ መጠበቅ ይለማመዳል።

ከ6 እስከ 10 ወር፦ «ባባባ»፣ «ማማማ»፣ «ዳዳዳ» እያለ ይደጋግማል፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል።

ከ9 እስከ 14 ወር፦ የፈለገውን በጣቱ ያመለክታል፤ «እንቢ» ለማለት ራሱን ይነቀንቃል፤ «ና»፣ «እንካ»፣ «ተው» የሚሉትን ይረዳል፤ በዓመቱ ገደማ የመጀመሪያ ቃሉን ይናገራል።

ከ18 እስከ 24 ወር፦ ቃላቱ በፍጥነት ይበዛሉ፤ «ውኃ ስጪኝ» እንደሚለው ሁለት ቃል ማያያዝ ይጀምራል።

በሌሎች ቋንቋዎች የተዘጋጁ መለኪያዎች ቃላትን በቁጥር ስለሚያወዳድሩ በአማርኛ ሲሠራባቸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ስጪኝ» አንድ ቃል ብትመስልም ድርጊቱን፣ የሚታዘዘው ሰው ሴት መሆኗንና ተቀባዩን በአንድነት ትይዛለች። በብዙ ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ለመግለጽ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይፈልጋል።

የሕፃን አነጋገር በአማርኛ

በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ሰዎች ሕፃን ሲያነጋግሩ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ፣ ያዘግማሉ፣ ቃል ይደጋግማሉ፣ ዜማ ይጨምራሉ። ሕፃናትም ከተለመደው አነጋገር ይልቅ ይህንን እንደሚመርጡ ተረጋግጧል። አማርኛ ለዚህ የራሱ የሆነ ሀብት አለው።

የመጀመሪያው የማቆላመጫ አጠራር ነው። ወንዱ «ማሙሽ»፣ ሴቷ «ማሚቱ» ትባላለች። እናት ልጇን «የኔ እናት»፣ «አባቴ»፣ «እማዬ» ብላ ትጠራለች፤ የአሳዳጊው መጠሪያ ለልጁ ይሰጣል። ለፍቅር ሲባል ትንሽ ወንድ ልጅን በሴት አንቀጽ «ነይ»፣ «እንኪ» ማለት የተለመደ ነው። ልጆች ይህን እየሰሙም አድገው «አንተ» እና «አንቺ»ን ለይተው ይናገራሉ።

ሁለተኛው ዜማ ነው። ልጅ የሚያባብሉበት ዘፈን «እሹሩሩ» በሚለው ቃል ይታወቃል። በአብዛኛው ልጅ ታዝሎ እየተወዛወዘ ስለሚባል ድምፅ፣ እንቅስቃሴና የሰውነት ሙቀት በአንድነት ይደርሱታል። ብዙ ጊዜ የሚያባብለው ሰው ቃላቱን እንደ ሁኔታው ስለሚለዋውጥ እናት ወዴት እንደሄደች፣ ምን ይዛ እንደምትመለስ ለሕፃኑ የሚነገርበት መንገድም ነው።

ሦስተኛው ጨዋታ ነው። ልጅ ለመቆም ሲሞክር «ወፌ ቆመች» ይባላል፤ ሲድህ «ዳዴ» ይባላል፤ በትከሻ ሲሸከሙት «እሽኮኮ» ይሉታል። ቃልና ድርጊት አብረው ስለሚመጡ ልጁ የቃሉን ትርጉም ለማግኘት አይቸገርም።

ሕፃን ማነጋገር ግን የሕፃኑን ስሕተት መኮረጅ አይደለም። ልጁ በኮልታፋ አንደበቱ ቃል ቢያጣምም አሳዳጊው ሳይስቅበትና ሳይቆጣ ቃሉን አቃንቶ ቢመልስለት ልጁ ትክክለኛውን ይሰማል። «ለ» እና «ረ»ን ማምታታት በትንንሽ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እንደነዚህ ያሉ ድምፆች ከሌሎቹ ዘግይተው ይቃናሉ።

በጣርማ በርና በአካባቢው

ጣርማ በር በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከደብረ ብርሃን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በር ላይ ይደርስና በጣልያን ወረራ ጊዜ የተሠራውን ዋሻ አቋርጦ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በላይኛው ደጋ ብርድና ጉም ይበዛል፤ ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ በግ ይረባል። ቁልቁል ሲወረድ በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ አየሩም እህሉም ይለወጣል።

እንዲህ ባለ የደጋ አገር የሕፃን አያያዝ ለማነጋገር የሚመችም የማይመችም ገጽታ አለው። ሕፃን በአንቀልባ ወይም በነጠላ ታዝሎ ስለሚውል እናቱ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ገበያ ስትወጣ ከሰው ንግግር አይለይም። አያት፣ ታላቅ እኅት፣ ጎረቤት በየተራ ያቅፉታል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ አራስና ልጅ አብረው የሚያርፉበት ጊዜም አለ። ለጠያቂ ሴቶች ገንፎው ሲቀርብ የሕፃኑ ጆሮ በብዙ ድምፅ መካከል ነው።

በሌላ በኩል ልጅ በጀርባ ሲታዘል የእናቱን ፊት አያይም። ለብርድ ወይም ለቡዳ ተብሎ ፊቱ የሚሸፈንበት ጊዜ ብዙ ነው። እናት ከጎህ እስከ ማታ በሥራ ስለምትጠመድ ንግግሩ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ ወደ እሱ የሚዞረው ጥቂቱ ነው። ዝምተኛ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ሲመሰገን፣ ወሬ የሚያበዛው «ለፍላፊ» ሲባል መስማትም ብርቅ አይደለም።

ክፍተቱን ለመሙላት ሌላ ሥራ መጨመር አያስፈልግም። እናት የምትሠራውን እየነገረች ብትሠራ፣ ለምሳሌ «አሁን ሊጡን ላብኩ፤ ምጣዱ ጋለ፤ ይኸው ጢሱ» ብትል፣ ሕፃኑ ዕቃውን፣ ድርጊቱንና ቃሉን ያገናኛል። ጡት ሲጠባ፣ ሲታጠብና ሲለብስ ዓይን ለዓይን መተያየት ይቻላል። አባት ከእርሻ ሲመለስ በጉን አሳይቶ ስሙን ቢጠራለት፣ ልጁ «በ» ሲል «አዎ፣ በግ! ትልቅ በግ» ብሎ ቢያሰፋለት ያው ትምህርት ነው። ዋናው ነገር ተናግሮ ዝም ማለትና የሕፃኑን ምላሽ መጠበቅ ነው። ሕፃናት ለመመለስ ከአዋቂ ይልቅ ጊዜ ይወስዳሉ።

ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ሕፃን በሚጠብቅበት ቤት ለልጆቹም ይህንኑ ማስተማር ይቻላል። የአካልን ክፍሎች ስም ማስጠራት፣ ፊትን ሸፍኖ መግለጥ፣ የከብቶችንና የወፎችን ድምፅ መምሰል ለሁለቱም ጨዋታ ነው።

ሁለት ቋንቋ በአንድ ቤት

በአንኮበርና በይፋት ቆላማ አካባቢዎች የሚኖረው የአርጎባ ሕዝብ ታሪክ ሕፃናትን በአንድ ቋንቋ አለማነጋገር ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። የአርጎባ ቋንቋ ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። በብዙ መንደሮች ወላጆች ለልጆቻቸው አማርኛ መናገር ስለመረጡ በአንኮበር አካባቢ ቋንቋው ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉ ተዳክሟል። ከሰሜን ሸዋ በስተሰሜን ባሉት እንደ ሾንኬና ጦልሐ ባሉ መንደሮች ግን ልጆች በአርጎባ ቋንቋ አፋቸውን መፍታታቸውን ቀጥለዋል።

ሁለት ቋንቋ ሕፃንን ያደናግራል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ በእያንዳንዱ የሚያውቀው ቃል ለጊዜው ያነሰ ቢመስልም የሁለቱ ድምር አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰማ ልጅ ጋር ይቀራረባል። ወላጅ በሚገባ የሚችለውን፣ የሚቀልድበትንና የሚያባብልበትን ቋንቋ ቢናገር ይመረጣል። ይህ በውጭ አገር ልጆቻቸውን በአማርኛ ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያንም ይሠራል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች

ፕኒና ክላይንና ሄኒንግ ሪዬ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው እናቶች ጋር የተሠራ ሥራ ቀርቧል። እናቶቹ የተሰጣቸው መጫወቻ ወይም መጽሐፍ አልነበረም፤ የልጁን ትኩረት መከተል፣ ነገሮችን መሰየም፣ ማስፋትና ማበረታታት ነበር የተለማመዱት። ከልምምዱ በኋላ በእናቶቹና በልጆቻቸው መካከል ያለው ግንኙነት ተሻሽሏል።

በጅማ ብርሃኑ ንጉሤ ወርቁና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት በከፋ ድህነት ውስጥ የሚኖሩ ልጆችን ይመለከታል። በቤታቸው በጨዋታ የታገዘ ክትትል ያገኙት ልጆች ክትትሉን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ቋንቋን ጨምሮ በተለያዩ የእድገት ዘርፎች የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። በዚያው በጅማ ዴንቨር ሁለት የተባለው የልጆች እድገት መለኪያ ለአገሩ ሁኔታ እንዲስማማ ተስተካክሏል።

ከአፍሪካ ሌላ የሚጠቀሰው በሴኔጋል የተደረገው ነው። በዎሎፍ ተናጋሪ መንደሮች ሕፃንን ማነጋገርን የማያበረታታ ልማድ ነበር። አን ዌበር፣ አን ፈርናልድና ያትማ ዲዮፕ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳተሙት ቶስታን የተባለው ድርጅት ለወላጆች ትምህርት ከሰጠ በኋላ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚናገሩት ጨምሯል፤ የልጆቹም የቋንቋ ውጤት ከፍ ብሏል።

ክርክሮች

እ.ኤ.አ. በ1995 ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ በአሜሪካ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው ባሳተሙት መጽሐፍ የድሃ ልጆች እስከ አራት ዓመታቸው ከሀብታም ልጆች 30 ሚሊዮን ያህል ያነሰ ቃል እንደሚሰሙ ገመቱ። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ታወቀ፤ ነገር ግን የቤተሰቦቹ ብዛት አነስተኛ መሆኑና ከእናት በቀር ሌሎች የቤት ሰዎች የሚናገሩት በሚገባ አለመቆጠሩ ትችት አስነሥቷል። በኋላ የመጡ ጥናቶችም ልዩነቱ የተባለውን ያህል አለመሆኑን አመልክተዋል።

ሁለተኛው ክርክር ከባህል ጋር የተያያዘ ነው። ኤሊኖር ኦክስና ባምቢ ሺፈሊን እ.ኤ.አ. በ1984 እንደጻፉት በሳሞአና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ካሉሊ ሕዝብ ዘንድ ሕፃን እንደ ጭውውት ተካፋይ አይቆጠርም፤ ልጆቹ ግን ቋንቋቸውን ይማራሉ። በሜክሲኮ የማያ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናትም በቀጥታ የሚነገራቸው ጥቂት ቢሆንም ዋና ዋናዎቹን ደረጃዎች በተለመደው ጊዜ እንደሚደርሱ አሳይቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ሚዛናዊ መልእክት ቀጥተኛ ንግግር ያነሰው ልጅም አፉን እንደሚፈታ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በቃላት ብዛትና በመረዳት ፍጥነት ሲሆን እነዚህ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይፈለጋሉ። የአገር አሳዳግን መናቅ ስለማይገባ ጠቃሚው መንገድ በእሹሩሩው፣ በአዘላውና በዘመድ ብዛቱ ላይ መጨመር ነው።

ስክሪን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመታቸው ስክሪን እንዳያዩ፣ የአንድ ዓመት ልጆችም እንዲሁ እንዲቆጠቡ፣ ሁለት ዓመት የሞላቸው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፉ ይመክራል። ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ የሕፃኑን ድምፅ ሰምቶ አይመልስም። ወላጁ ራሱ ስልኩ ላይ ሲያፈጥም የሚቀረው ያው ምላሽ ነው።

የመስማት ችግርና የሐኪም ምክር

ሰው እያነጋገረው የማይመልስ ሕፃን ሁሉ ሰነፍ ወይም ዝምተኛ አይደለም፤ አለመስማቱ ሊሆን ይችላል። የማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ የሚመግል የጆሮ ሕመምና በአዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ የሚበረታ ቢጫነት መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የአዮዲን እጥረትም የጽንሱን አንጎልና መስማት ይጎዳል። እንቅርት ለረጅም ዘመን በታየባቸው ደጋማ ቦታዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ «ይደርሳል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፦

ሕፃኑ በከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ ወይም ወደ ድምፅ የማይዞር ከሆነ፤

በ12 ወሩ ድምፅ የማይደጋግም፣ በጣቱም የማያመለክት ከሆነ፤

በ16 ወሩ አንድም ቃል ከሌለው፤

በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያያይዝ ከሆነ፤

በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ቃል ወይም ጨዋታ ካቆመ።

የገጠር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያማክረው በጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ሕፃኑ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ለክትባት ሲሄድ ይህን ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው። መስማት የተሳነው ልጅም ቋንቋ ያስፈልገዋል፤ ቤተሰቡ ቀደም ብሎ የምልክት ቋንቋ ቢጀምር ልጁ አንድም ዓመት ያለ ቋንቋ አያልፍበትም።

ፖሊሲ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 በትምህርት፣ በጤናና በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የጋራ ሥራ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣች። ማዕቀፉ የወላጆችን ትምህርትና ከእርግዝና ጀምሮ ያለውን ክብካቤ ይጨምራል። በተግባር ግን በሰፊው የተስፋፋው ልጆች ወደ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ዜሮ ክፍል ነው፤ ይህም ልጁ አፉን ከፈታ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ ከሌሎች አጋሮች ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ማዕቀፍ ጤናን፣ ምግብን፣ ደኅንነትን፣ ምላሽ ሰጪ አሳዳግንና የቅድሚያ ትምህርትን አብረው የሚሄዱ አምስት ነገሮች ያደርጋቸዋል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ታገኛለች፤ አባት ደግሞ 3 ቀን ያገኛል። በእርሻ የምትተዳደር እናት ግን በሕግ የተወሰነ ዕረፍት የላትም፤ ከሕፃኗ ጋር የምትጫወትበት ጊዜ የሚገኘው ባሏና የቤቱ ሰዎች ሥራውን ሲያግዟት ነው።

ተዛማጅ ርዕሶች

አማርኛ፣ የአርጎባ ቋንቋ፣ እሹሩሩ፣ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ጣርማ በር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም